«ቤት ደህና ነው»

ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ለሟች ሳይሆን በሕይወት ለቆመው ሰው አልቅሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልቅሻለሁ። ይህን ታሪክ ለማንም በቅጡ ነግሬ አላውቅም። ስጀምረው ንዴቴ ይቀድመኛል፤ ንዴቴ ሲበርድ ደግሞ እንባዬ ይመጣና ቃል ያሳጣኛል። ዛሬ እንደምንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልንገራችሁ። መሀል ላይ ብቆጣ አትፍረዱብኝ።

ያኔ አዋሽ ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነበርኩ። የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ ብርድ ነው ያሳደገኝ። አዋሽ ስመደብ ሙቀቱን የምችለው አልመሰለኝም ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ለመድኩት፣ ሰዉንም ወደድኩት። ስሜ ምሕረት ነው። አፏ ግን ምሕረት የለውም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ርዕሰ መምህራችን ሰይድ ይባላል። አባቱ ከወሎ መጥተው አዋሽ ላይ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። ሰይድ እዚያው ከአፋር ልጆች ጋር አፈር ፈጭቶ ስላደገ አፋርኛውን እንደ ባለቤቶቹ ነው የሚናገረው። በትምህርት ቤታችን በትክክል የሚሠራ የጣሪያ ማራገቢያ የነበረው እሱ ቢሮ ውስጥ ብቻ ነው። ቢሮውን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሴቶች ማጥኛ ሰጥቶ፣ እሱ ጠረጴዛውን ዛፍ ሥር አወጣ። ማኅተሙን ከኪሱ እያወጣ ነበር የሚመታው። «ጋሽ ሰይድ፣ አንተ ዳይሬክተር ነህ ወይስ ዘበኛ?» እለው ነበር። «ሁለቱንም ነኝ፤ ደመወዙ ግን የአንዱ ነው» ብሎ ይስቃል።

እነዚያን ሴቶች ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣቸው እሱ ነው። አባቶቻቸው ዘንድ እየሄደ፣ አብሯቸው መሬት ላይ እየተቀመጠ፣ ዳጉ እየተለዋወጠ። ዳጉ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደ እኛ «ሰላም ነው? ሰላም» ተባብለው አይተላለፉም። ይቆማሉ። ያዩትንና የሰሙትን አንድም ሳያስቀሩ ይነጋገራሉ። መጨመርም መቀነስም ነውር ነው፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን የሰውን ወሬ ይዞ ዝም ማለት ነው። እኛ ደገኞች የተገላቢጦሽ ነን። ሰው ሲሞት አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ተሰብስበን፣ ሽማግሌ ይዘን፣ «ትንሽ አሞት ነበር» ከማለት ጀምረን ነው መርዶ የምናረዳው። ይህን የምናደርገው ከክፋት አይደለም፤ ሰው እንዳይደነግጥብን ብለን ነው።

እንግዲህ እንደምታውቁት አሁን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከቤቱ ርቆ ነው የሚፈተነው። የእኛዎቹ ሰመራ ተመደቡ። ፈተናው ተጀምሮ እስኪያልቅ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያድራሉ፤ ስልክ በር ላይ ይቀራል። ከየትምህርት ቤቱ አብሮ የሚገባ አንድ አስተባባሪ አለ፣ የእሱም ስልክ እንደዚያው። ሌላ አንድ ሰው ደግሞ ለሚያስፈልገው ነገር ውጪ ይቀመጣል። ሰይድ የሚገባው፣ እኔ ውጪ የምቀመጠው ሆንን። ሌላ ምርጫ አልነበረም። የመዲና አባት ለምሳሌ፣ መዲና ከሴቶቹ ጎበዟ ናት፣ ፊት ለፊቴ ነው የነገሩት። «ልጄን የምሰጠው ላንተ ነው፣ ለመንግሥት አይደለም» ብለው።

የምንሄድ ቀን ማለዳ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ሰይድ ዘገየ። ቤቱ ስሄድ ልጁን ሂክማን አቅፎ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። አንድ ልጁ ናት፤ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ለፍላፊ፣ እኔን «ቲቸር ቁጡ» የምትለኝ። ትኩሳት ይዟት ነበር።

«ሂድ እንጂ» አለችው ሚስቱ ዘሃራ። «ትኩሳት ነው። ዛሬ ሐኪም አሳያታለሁ። ያ ሁሉ የሰው ልጅ ይጠብቅህ የለ?»

«ከባሰባት ለምሕረት ደውሉ» አላት። ሂክማን ግንባሯን ሳማትና ወረደ። መንገዱን ሙሉ ከልጆቹ ጋር ሲቀልድ ነበር፤ ሚሌ ለምሳ ስንወርድ ግን ዞር ብሎ ደወለ። «ደህና ናት፣ ተኝታለች» አሉት። ማታ ግቢ ሲገባ ስልኩን አስረክቦ ወደ እኔ ዞረና «አደራ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

በማግስቱ ገለጻ ነበር፤ ፈተናው የሚጀመረው ከዚያ በሚቀጥለው ቀን ነው። ገና ፀሐይ ስትወጣ፣ ሰመራ አጠገብ ሎግያ በያዝኩት አልጋ ላይ ስልኬ ጮኸ። የዘሃራ ወንድም ጀማል ነው።

«ቲቸር፣ ሂክማ ጠንቶባታል። ሆስፒታል ነው ያደርነው። ዓይኗን በገለጠች ቁጥር ‹አባዬ መጣ?› ነው የምትለው። ሐኪሞቹም አባቷን ጥሩት ብለውናል።»

«አሁኑኑ አስወጣዋለሁ። እየመጣ ነው በላት» አልኩት።

ልብሴን እንዴት እንደለበስኩ አላውቅም። ባጃጅ ይዤ ሰመራ፣ ኃላፊያችን ያረፈበት ሆቴል ደረስኩ። ኃላፊያችን ስላችሁ የትምህርት ጽሕፈት ቤታችን አለቃ ማለቴ ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ አስተባባሪ ከግቢ አይወጣም። ፉል እየበላ ነበር። ቆሜ ነገርኩት።

ዳቦውን አስቀመጠ። «የወጣ አስተባባሪ ተመልሶ እንደማይገባ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። እኔ እተካዋለሁ።»

«ምሕረት፣ እነዚያ ሴቶች በእሱ ነው የመጡት። ነገ ፈተና ሊጀመር ዛሬ እሱን ቢያጡት፣ ተነሥተው ቢሄዱብንስ? ለበላይ ምን ብዬ ነው የማስረዳው?»

«ለልጅቷስ ምን ብለን ነው የምናስረዳት?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ አስተናጋጁ ዞር ብሎ አየኝ።

ኃላፊው ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «እሺ። ልክ ነሽ። እኔ ራሴ ገብቼ ነግሬው አወጣዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በበር ጥሪ አይሆንም። አንቺ መኪና ያዢና በር ላይ ጠብቂን።»

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እጁን ልስም ምንም አልቀረኝ። ሚኒባስ ኮንትራት ያዝኩ። ጠንካራ ሾፌር ከተገኘ፣ ማልዶ የተነሣ ሰው ሳይበላ ሳይጠጣ ለዙህር ሶላት፣ እኩለ ቀን ላይ አዋሽ ይገባል። ጠንካራ ሾፌር አገኘሁ። በሩ ፊት ለፊት ቆምን። ኃላፊው ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። እጁን አውለብልቦልኛል።

ጠበቅን። የሰመራ ፀሐይ ጠዋትም አታፍርም። ሾፌሩ «እህቴ፣ ሰውየው ይመጣል ወይስ አይመጣም? መኪናዬ ተቀቀለ እኮ!» ይለኛል። «ይመጣል፣ ይመጣል» እለዋለሁ። ጀማል ይደውላል፤ «የት ደረሰ?»፤ «እየወጣ ነው»። ደግሞ ይደውላል። ዘሃራ ከጎኑ ሆና «ንገራት፣ ሂክማዬ ትጠይቃለች በላት» ስትል ይሰማኛል። ወደ ጥበቃው ሄድኩ፤ ሁመድ የሚባል ረጅም አፋር ነው። «አለቃሽ ገብቷል አይደል? ጠብቂው። ያለ እሱ ሰው መጥራት አልችልም» አለኝ። ኃላፊው ጋ ደወልኩ፤ የእሱም ስልክ እዚያው በሩ ላይ፣ ጥበቃው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሲጮህ ቆሜ ሰማሁት።

ወደ ዙህር ሲቃረብ ወጣ። ብቻውን። አፉን በሶፍት እየጠረገ።

«ሰይድስ?»

መሬት መሬት ያያል። «አልነገርኩትም።»

«ምን አሉኝ?»

«ሴቶቹን ሰብስቦ እያረጋጋቸው አገኘሁት። ቧንቧቸው ተበላሽቶ እሱን ሲጠግን ነበር፣ እጁ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። አቃተኝ ምሕረት። ትንሽ ልቆይ፣ ምናልባት ይሻላት ይሆናል ብዬ…። ምሳም አብረን በላን፤ እሱም ወደ ቧንቧው ተመለሰ።»

«እሱስ ምንም አልጠየቀዎትም?»

«ጠየቀኝ» አለ። «‹ከቤት ተደውሎ ነበር?› አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«ቤት ደህና ነው አልኩት።»

አንባቢዎቼ፣ ሰው የሚመታበት ጊዜ አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ ያን ቀን እጄን የያዘኝ ስልኩ ነው። ጮኸ። ጀማል ነው። ከጀርባው የዙህር አዛን ይሰማል። «ጀማል?» ስለው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለና ስልኩ ተዘጋ።

ኃላፊው ከፊቴ ገባው። አለቀሰ፣ ከልቡ አለቀሰ። ሰውየው አረመኔ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አልነበረም። እንባውን ጠርጎ ግን ምን አለኝ መሰላችሁ? «በቃ፣ አሁን የባሰውን መናገር አይቻልም። መርዶ እንዲህ በቁም አይነገርም። ቀብሩም አይደርስለትም። ፈተናው ይለቅና ሽማግሌ ይዘን፣ በወጉ እናረዳዋለን። ለእሱም ይሻለዋል።»

አያችሁ? ልጅቷ በሕይወት ሳለች «ትንሽ ልቆይ፣ ይሻላት ይሆናል» ነበር። ስትሞት ደግሞ ወግ ተገኘ። ያ ከደግነት የመጣ ልማዳችን፣ ያ እኔንም ያሳደገኝ ልማድ፣ የጽሕፈት ቤት ሥራ እንዳይበላሽ መሸፈኛ ሲሆን በዓይኔ አየሁ። እኔ ራሴ ከዚያ በፊት ለስንቱ ሰው እንዲህ በደግነት ዝም እንዳልኩ እንጃ።

ትቼው ወደ በሩ ሄድኩ። ሁመድ ፊቴን አየና ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቀረበኝ። «ምንድነው ወሬው?» አለኝ።

ነገርኩት። ከአዋሽ ከተነሣንበት ጀምሮ ሁሉንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ «ሰውየው ይህን አያውቅም?» አለ።

«አያውቅም።»

«አንቺ ታውቂያለሽ፣ አለቃው ያውቃል፣ እኔም አወቅሁ። አባትየው አያውቅም።»

«አዎ።»

«ይህ እኛ ጋ ስርቆት ነው» አለና ለጓደኛው በአፋርኛ አንድ ነገር ተናግሮ እየተራመደ ገባ። ስለ ፈቃድ አልጠየቀም። ኃላፊው ከኋላዬ «አቁም! ኧረ ተው!» ሲል ዞሮም አላየው።

ሰይድ ሲመጣ ከሩቅ አየሁት። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል፤ እጁ ላይ ጭቃ አለ። መኪናውን አየ። ኃላፊውን አየ። ከዚያ እኔን።

«ሂክማ?» አለኝ።

አፌ ወደ ለመደው ሄደ። «ትንሽ አሟት…» አልኩ።

«ምሕረት፣ እንደ አፋር ንገሪኝ» አለኝ። «ሙሉውን።»

ሙሉውን ነገርኩት። ጠዋት እንደተደወለ፣ እሱን እየጠራች እንደነበር፣ መኪናው እዚህ ቆሞ እንደዋለ፣ አሁን እንዳረፈች። ሲሰማ ፊቱ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። አንድ ነገር ብቻ ደገመ። «ጠዋት?» አለ። «ጠዋት ነው የደወሉት?» ከዚያ የጋለው አስፋልት ላይ፣ እንደ ቆመ ቁጭ አለ። ኃላፊው ቀርቦ «ሶብሩን ይስጥህ ወንድሜ፣ እኔ ላንተው አስቤ…» ሲል ቀና ብሎ አየው። «ምሳ አብረን በላን እኮ» አለው። ያን ድምፅ አልረሳውም። ቁጣ የለበትም፤ ያልገባውን ነገር የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር።

ሁመድ ሲገባ የተናገረው ግቢውን አዳርሶት ኖሮ ሴቶቹ አጥሩ ጋ ተሰለፉ። ኃላፊው ተበትነው ይሄዳሉ ብሎ የፈራቸው ሴቶች እነሱ ናቸው። መዲና ሽቦውን ይዛ ተጣራች። «ዳይሬክተር! ሂድ! እኛ አንሄድም፣ እንፈተናለን። አባቶቻችን ሲጠይቁ እኛ ነን የላክነው እንላለን። ሂድ!» ሌሎቹ ያለቅሳሉ። እሷ አላለቀሰችም፤ አዘዘችው። ይህን ያህል ቀላል ነበር እንግዲህ። ጠዋት ማንም አልጠየቃቸውም።

እኔ ልተካው ይገባኝ ነበር፤ ግን እሱ ብቻውን መንገድ አይወጣም ብለው አንዷን የሌላ ትምህርት ቤት መምህርት ሴቶቹ ራሳቸው ለመኑና ተቀበሏት። ሄድን። ሰይድ ከፊት ተቀመጠና መስኮቱን ዘጋ። ሚሌን አለፍን፣ ገዋኔን አለፍን። ከባድ መኪናዎቹን በቀደምን ቁጥር «ቀስ በል ወንድሜ፣ አሁን ምን ያስቸኩለናል» ይለዋል ሾፌሩን። እሱን ስሰማ ከኋላ ሆኜ ከንፈሬን ነከስኩ። ጀማል ደወለ፤ በሙቀቱ ምክንያት መጠበቅ አልቻሉም፤ የአስርን ሶላት ሰግደው ቀብረዋታል።

ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊሆን ሲል አዋሽ ገባን። ድንኳኑ ተተክሏል። ሰይድ ከመኪና ሲወርድ ሰዉ ተነሥቶ መንገድ ለቀቀለት። ዘሃራ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች። እየሮጠች ትመጣለች ስል ቆመች።

«መጣህ?» አለችው። «ጠዋት ‹እየመጣ ነው› ብለውኝ። ‹መጣ፣ መጣ› እያልኩ ዋሸኋት። የሰው ልጅ ፈተና ይበልጥብሃል? በር በሩን እያየች ሄደችብህ!»

ሰይድ ራሱን አልተከላከለም። ሰዉ ሁሉ ሲያየው፣ ጭቃው በደረቀበት እጁ ቆመ። እኔ ነኝ መሀላቸው የገባሁት። «ዘሃራ፣ አልነገሩትም! አላወቀም! አላህን ብለሽ ስሚኝ፣ አንድም ሰው አልነገረውም!» እያልኩ ጮህኩ። ክርስቲያን መሆኔም፣ ለቅሶ ቤት መሆኑም ተረሳኝ። ዘሃራ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች። ከዚያ እግሩ ሥር ወደቀች። እኔም ያን ጊዜ ነው አምርሬ ያለቀስኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ሌላ ሰው ነኝ። ዛሬ ርዕሰ መምህር ሆኛለሁ፤ ከሰይድ ወንበር ነው የተቀበልኩት፤ እሱ ለቅሶውን እንደጨረሰ ኃላፊነቱን አስረክቦ ወደ ክፍል ተመለሰ፣ ሂሳብ ያስተምራል። ለመምህራኖቼ በመጀመሪያው ስብሰባ የነገርኳቸው አንድ ነገር ነው። ከቤታችሁ የመጣ ወሬ እኔ ዘንድ አያድርም። ፈተና ይሁን፣ ጉብኝት ይሁን፣ ሚኒስትር ይምጣ፣ እነግራችኋለሁ። ሄዳችሁ መቅረቱንም፣ ቆይታችሁ መሥራቱንም ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። እናንተም ወንበር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ሰው ራሱን ሰጥቶ ሲያገለግል አይታችሁ «ይህስ ምን አለበት፣ ይችለዋል» አትበሉ። የሚሰጠው እሱ ነው። እናንተ ከኪሱ ስታወጡበት ግን ሌላ ስም አለው።

በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም።

በዚያው ዓመት ሰመራ ላይ ለትምህርት አመራሮች ሥልጠና ተዘጋጀ፤ ርዕሱ «አገልጋይ መሪነት»። ሰይድንም እንደ ነባር አመራር ጠሩት። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠናል። አንዱን ክፍል ያቀረበው ኃላፊያችን ነበር። ሲያቀርብ ቆየና፣ እኔ እስከ ዛሬ ምን ነክቶት እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ሊክሰው ፈልጎ ይሆናል፣ እንዲህ አለ። «ምሳሌ ሩቅ አንፈልግ። እዚሁ መሀላችን፣ አንድ ልጁ በጠና ታማ ሳለ ተማሪዎቹን ጥሎ ያልሄደ መሪ ተቀምጧል።» አዳራሹ አጨበጨበ። ከፊት ያሉት ዞረው ሊያዩት ተነሡ።

ሰይድም ተነሣ። ማይክ አልጠየቀም።

«ይቅርታ፣ አንድ እርማት አለኝ» አለ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚናገረው በእርጋታ። «እኔ አልቀረሁም። አልተነገረኝም። ተነግሮኝ ቢሆን ወላሂ እሄድ ነበር። ተማሪዎቼን ትቼ፣ በእግሬም ቢሆን። ልጄን ለማንም አልሰጠሁም። ከዚህ ሥልጠና አውጡልኝ።»

ጭብጨባው እዚህም እዚያም ተንጠባጥቦ ቆመ። ኃላፊው አንገቱን ደፋ። ሰይድ ወንበሩን በጥንቃቄ ወደ ቦታው መልሶ ወጣ። እኔም ተከተልኩት።

ውጪ ከግድግዳው ጥላ ሥር ቆሞ አገኘሁት። ከዚያ ሳያየኝ «ምሕረት፣ ያን ጠዋት እንደተደወለ ቢነገረኝ እደርስላት ነበር?» አለኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። መንገዱን በሐሳቤ ስንቴ ነድቼዋለሁ። «ኧረ አትደርስም ነበር፣ ቀኗ ነው» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ደግ ቃል ነው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንለው።

«ትደርስ ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እኔም ቆጥሬዋለሁ» አለ። «ሁሉም ሰው አትደርስም ነበር ይለኛል። የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነበር።» ከዚያ በለቅሶው ያላየሁትን እንባ አየሁት። አላባበልኩትም። አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁት።